ሰኔ ደረሰ ወይ

ጠበቃ ክንፈሚካኤል በፍኖተ ሰላም ከተማ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የቤት ሽያጭ ያዋውል ነበር። ውርስም፣ የድንበር ክርክርም፣ የባልና ሚስት ክስም ይይዛል፤ እንጀራው ግን ቤት ነበር። ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተማዋ ወደ ጎንም ወደ ኋላም ስለምትሰፋ የሚገዛና የሚሸጥ አይጠፋም። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ «ዘገምተኛ ነው፣ ግን አያስበላም» ይላል። ዘገምተኛ ያሰኘው አንድ ልማዱ ነው፤ ቆሞ ያላየውን ቤት ውል አይጽፍም። ካርታው ተሟልቶ፣ ዕዳና እገዳ የለበትም የሚለው ወረቀት ከማዘጋጃ ቤት መጥቶ፣ ሻጭና ገዢ ተጨባብጠው እንኳ እሱ ተነሥቶ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። በደጃፉ ይገባል፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ብዕር የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

በጥር ወር አንድ ረፋድ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቢሮው ገቡ። አንደኛው አቶ ቢሆነኝ ናቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርዓዊ በኩል መጥተው በከተማው ጥሩ ቤት ሠርተው የገቡ ሰው። ክንፈሚካኤል በመልክ ያውቃቸዋል። ሁለተኛውን አይቷቸው አያውቅም። አያ ይርሳው ይባላሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሰው ሲሆኑ መርዓዊ ውስጥ የአንድ አትክልት መጋዘን ዘበኛ ናቸው።

«ቤት ልሸጥለት ነው» አሉ አቶ ቢሆነኝ ገና ሳይቀመጡ። «ዛሬውኑ ቢያልቅልን።»

ክንፈሚካኤል የሚቸኩል ሻጭ ሲያይ ይጠነቀቃል። ሻጭ የሚቸኩለው ወይ ሲቸግረው ነው፣ ወይ የሚደብቀው ሲኖር። አቶ ቢሆነኝ የቸገራቸው አይመስሉም፤ ዓይናቸው ግን እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ሰው ዓይን ነበር።

«ቤቱ የት ነው?»

«በመርዓዊ በኩል ነው። ገጠር ነው።»

«ሰው ይኖርበታል?»

«ማንም የለበትም» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«አለበት» አሉ አያ ይርሳው።

ክንፈሚካኤል አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየ። «ማን አለበት?»

«ባለቤቴ ናት። አደይ።»

አቶ ቢሆነኝ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ጠበቃው ነገሩ ቀላል መሰለው፤ በሰው ቤት ሲኖሩ የቆዩ ባልና ሚስት የለመዱትን ቤት ሊገዙ ነው፣ ይኸው ነው። ገጠር መሆኑ ግን አላማረውም። የገጠር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው ከላዩ የቆመው ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀበሌው ካልተስማማበት ነገር ያመጣል። ይህንን አስረዳቸውና ከሁሉም በፊት ቤቱን ማየት እንዳለበት ነገራቸው።

«ማየቱ እንኳ…» ብለው ጀመሩ አቶ ቢሆነኝ።

አያ ይርሳው ግን አቋረጧቸው። «ይምጡና ይዩት። ሳያዩ እንደማይጽፉ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እሷም ደስ ይላታል።»

በሳምንቱ ሦስቱም አውቶቡስ ተሳፈሩ። ቡሬን ሲያልፉ ጉም ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ እየተጎተተ ሄደ። አያ ይርሳው አንዴ ብቻ ወደ ጠበቃው ዞር ብለው «ባለ ትዳር ነዎት?» አሉት። ነኝ ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመርዓዊ ወርደው በእግራቸው ተጓዙ። መንገዱ በመስኖ የለማ ስንዴና ሽንኩርት መሐል ዐልፎ ወደ አንድ ጉብታ ይወጣል። ጉብታው ላይ ሲደርሱ አያ ይርሳው ቆሙ። ከፊታቸው ውኃ ተኝቷል፤ የቆጋ ግድብ ያቆመው፣ ግራጫ፣ ነፋስ የማይነካው የሚመስል ሰፊ ውኃ።

«ያውና» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ክንፈሚካኤል ማዶውን አየ። «ከወዲያኛው ዳር ነው?»

«አይደለም። እዚህ ነው። ያቺ ወፍ የተቀመጠችበት ዘንድ።»

ወፏ የተቀመጠችው ከውኃው መሐል ብቅ ባለ የደረቀ የዛፍ ጫፍ ላይ ነበር።

ጠበቃው የተቀለደበት መሰለውና ፊቱ ተለዋወጠ። ሊናገር ሲል አቶ ቢሆነኝ ክንዱን ያዙት። «ይስሙኝ ጌታዬ። ከሰሙኝ በኋላ ይቆጡ።» ሣሩ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ነገሩት።

ይርሳውና አደይ በወጣትነታቸው ከሰከላ መሬት ሳይኖራቸው የመጡ ናቸው። አቶ ቢሆነኝ ከወንዙ አጠገብ ትርፍ ቤት ስለነበራቸው አስገቧቸው፤ ባልየው እርሻቸውን በእኩል እንዲያርስላቸው። ልጅ አልወለዱም። አደይ ያቺን ቤት እንደ ልጅ ያዘቻት፤ በየዓመቱ ትመርጋለች፣ መደቡን ታድሳለች፣ በዙሪያዋ ጌሾ ትተክላለች። በየዓመቱም አቶ ቢሆነኝ ደጅ መጥታ ቤቱን እንዲሸጡላቸው ትለምናለች።

«ጊደር አሳድጋ ነበር፤ በእሷ ልትለውጠኝ» አሉ አቶ ቢሆነኝ። «‹ሰኔ ይድረስ› እላታለሁ። ሰኔ ሲደርስ ‹ለከርሞ ሰኔ› እላታለሁ። ‹እሺ ጌታው› ብላ ትሄዳለች።»

«ለምን አልሸጡላትም?»

«እንጃ። ቤቱን ፈልጌው አይደለም። ስትለምነኝ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።»

አያ ይርሳው ውኃውን እያዩ ቆመዋል፤ የሚሰሙ አይመስሉም።

ግድቡ ሊሠራ ነው ተብሎ ንብረት በሚቆጠርበት ዓመት አደይ ታመመች። ክረምቱን ታማ በመስከረም ሞተች።

«በቤቷ ሞተች» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«በሰው ቤት ነው የሞተችው» አሉ አያ ይርሳው ሳይዞሩ። «በሰው ቤት መሞት የሰው ልብስ ለብሶ እንደ መቀበር ነው፤ ያጥራል ትል ነበር።»

ከቀብሩ በኋላ አገሩ ሁሉ ለግድቡ ተብሎ ከቦታው ተነሣ። የቤቱን ካሳ የወሰዱት ባለቤቱ አቶ ቢሆነኝ ናቸው። ቆርቆሮውን አወረዱ፣ በሩንም ነቀሉ። በሩ ጠንካራ የዋንዛ ሳንቃ ስለነበር ፍኖተ ሰላም ቤት ሲሠሩ ለዕቃ ቤቱ ገጠሙት። ውኃው ሞልቶ ሸለቆውን በሸፈነ ማግስት ይሁን በሳምንቱ አያስታውሱም፣ በሩ መንኳኳት ጀመረ።

«ከውስጥ ነው የሚንኳኳው፤ ከእህሉ በኩል። በጣት ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያፍር። ከዚያ ‹ጌታው፣ ሰኔ ደረሰ ወይ?› ትላለች። ስከፍተው ማንም የለም። መድረኩ ግን ርሶ ይገኛል።»

«በሩን ነቅለው አይጥሉትም?» አለ ክንፈሚካኤል።

«ነቀልሁት እንጂ። ለአንድ የቡሬ አናጺ ሰጠሁት። በዚያው ቀን፣ በር በሌለው ክፍት ቦታ ላይ ሆና ጠየቀችኝ። በማግስቱ ቡሬ ሄጄ በሩን መልሼ አመጣሁት። በር ካለ ቢያንስ ፊት ለፊት አንተያይም።»

ጠበቃው ማመኑንም መሳቁንም አልቻለበትም። አቶ ቢሆነኝ ቀጠሉ። ጠበል ተረጭቷል፣ ጸሎት ተደርሷል። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ዮሐንስ «ቃል ሰጥተሃል፤ ቃልህን ፈጽም እንጂ እኔ ምን ላድርግህ» አሏቸው። ይርሳውን ፈልገው አገኙና ቤቱን በስጦታ ልስጥህ አሏቸው። ይርሳው እምቢ አሉ። አደይ ስጦታ ለምና አታውቅም፤ የለመነችው እንዲሸጥላት ነው። የሚሆነው ሽያጭ ነው፤ በውል፣ በምስክር፣ እንደ ሰው።

«እርስዎስ ትሰማዎታለች?» ብሎ ጠየቃቸው ክንፈሚካኤል።

አያ ይርሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩለት። «እኔን አንድ ቀን አላንኳኳችኝም» አሉ። ቅሬታ ነበረበት ድምፃቸው። «ዕድሜዬን አብሬያት ኖሬ የምትጣራው እሳቸውን ነው።»

ክንፈሚካኤል የሕግ ሰው ነውና በሕግ መለሰላቸው። ካሳ የተከፈለበት ቤት የአቶ ቢሆነኝ አይደለም። መሬቱም የእሳቸው አይደለም። ገዢዋ በሕይወት የለችም። ቤቱ ራሱ የለም። በማይታይ ቤት ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? ይህን ሁሉ በትሕትና ተናገረ፤ ሽማግሌ ፊት ነውና። አያ ይርሳው እስኪጨርስ ጠበቁትና «ግንቦት ላይ ውኃው ወደ እርሻው ተለቆ ይጎድላል» አሉት። «ያን ጊዜ ቤቱ ይወጣል። መጥተው ያዩታል?»

«እሺ፣ ያን ጊዜ አየዋለሁ» አለ። ሽማግሌን ሳያስቀይሙ ለመለያየት የሚባለውን ያህል ነው ያለው። ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመለስ ጉዳዩን ዘግቶታል።

በመጋቢት መጨረሻ አቶ ቢሆነኝ ልከው አስጠሩት። ታመዋል፣ ኑዛዜ ሊያጽፉ ይፈልጋሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ ሄደ። በር የከፈተችለት ባለቤታቸው ወይዘሮ ምሕረት ነበረች፤ ደርባባ፣ ንግግሯ የለዘበ ሴት። ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ ለእንግዳው ወንበር ሰጥታ ወደ ምስሯ ተመለሰች። «ፊታቸውን እስኪታጠቡ ነው፤ አሁን ይጠሩዎታል።»

ክንፈሚካኤል ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ፊት ለፊቱ፣ አዲስ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ፣ ቀለም ያልነካው አሮጌ በር አለ። መጥረቢያው የጠረበው ጥርብ አሁንም ይታያል። የት እንደ ነበረ ያውቃልና ዓይኑን ከሱ ላይ አነሣ።

ያን ጊዜ ተንኳኳ።

በጣት ጫፍ ነው። ቀስ ብሎ ነው። አይጥ ይሆናል ብሎ ለማሰብ ሞከረ፤ አይጥ ግን እንዲህ አንኳኩቶ ዝም ብሎ መልስ አይጠብቅም። ወይዘሮ ምሕረት ቀና አላለችም። አንዲት ጠጠር ከምስሩ መሐል አውጥታ ጣለችና፣ ለጎረቤት እንደሚመለስ አድርጋ፣ «ገና ነው እቴ» አለች ወደ በሩ።

መንኳኳቱ ቆመ። ከበሩ ሥር አንዲት ቀጭን የውኃ መሥመር በሲሚንቶው ላይ ወጣችና እዚያው ቆመች። ወይዘሮ ምሕረት ተነሥታ በጨርቅ ጠረገቻት፣ ጨርቁን ጨመቀች፣ ተመልሳም ተቀመጠች።

«ሁልጊዜ ነው?» አለ ክንፈሚካኤል።

«ከዝናብ በፊት ትበዛለች» አለች። «እኔ አልፈራትም። በሕይወት ሳለች ቤቴ ትመጣ ነበር። እሳቸው ግን ገና ነው ማለት አቃታቸው። አንዴ ደርሷል ብዬ ልዋሻት አሰብሁና መዋሸቱን ፈራሁ።»

ኑዛዜውን ጻፈ። አቶ ቢሆነኝ ሲያናግሩት ዓይናቸውን ከግድግዳው አይነቅሉም ነበር። ሲሰናበታቸው ስለ ኑዛዜው ሳያነሣ «ግንቦት ላይ መርዓዊ እንሄዳለን» አላቸው። እሳቸውም ተነሥተው ሊስሙት ፈለጉ፤ ጉልበት አነሳቸው።

ግንቦት ሲጋመስ አያ ይርሳው ስልክ አስደወሉ። ቤቱ ወጥቷል።

የሄዱት ክንፈሚካኤል፣ አቶ ቢሆነኝና ወይዘሮ ምሕረት ናቸው። ወይዘሮ ምሕረት አንደኛዋ ምስክር ልትሆን ነው። ቀኑ ደመና ነበር፣ ፀሐይ የለም፣ ነፋስም የለም። ውኃው ሸሽቶ ሸለቆው ተጋልጧል። የተሰነጠቀ ጭቃ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ፣ ወደ የትም የማይወስድ የአጥር ድንጋይ። ሽታው የጉድጓድ ሽታ ነበር። አያ ይርሳው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ላም ከነጥጃዋ እየነዱ ከጉብታው ሥር ጠበቋቸው። ላሟ የዚያች ጊደር ዘር ናት፤ ዘመድ ጋ ያረቧት ነበር። ዋጋው እሷ ናት።

ሁለተኛ ምስክር ያስፈልግ ነበርና ከዳር መረቡን ሲጠግን ያገኙትን ታከለ የሚባል አሣ አጥማጅ ለመኑት። ጎልማሳ ሰው ነው፣ አብሯቸው ወረደ። ወደ ቤቱ ሲቃረቡ ግን እርምጃውን አሳጠረ።

«እፈርማለሁ፤ ግን ከደጅ ሆኜ ነው» አለ። «እኛ እዚህ ላይ መረብ አንጥልም።»

«ለምን?» አለው ጠበቃው።

«ይጨንቃላ። ሰው ያለበት ቤት ላይ እንደ መጣል ነው።» ከዚያ በላይ አላብራራም።

ቤቱ የድንጋይ መሠረት፣ ቋሚዎችና እስከ ወገብ የቀረ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ጣሪያ የለውም፣ በር የለውም። በግድግዳው ዝቅታ በየትም በኩል መግባት ይቻላል፤ ሁሉም ግን ዞረው በደጃፉ ገቡ። አያ ይርሳው ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት። ክንፈሚካኤልም ከገባ በኋላ ምክንያቱ ታየው።

ውጪው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚት በደለል ተሸፍኗል። የቤቱ ወለል ግን ተጠርጓል። የመጥረጊያው ፈለግ በመሬቱ ላይ ግማሽ ክብ እየሠራ፣ ከጓዳ ጀምሮ እስከ ደጃፍ፣ ሴት እንደምትጠርገው ወደ ኋላ እየተጠረገ መጥቷል። ሦስቱ ጉልቻዎች በቦታቸው ናቸው። መደቡ ተለቅልቋል።

«አንተ ነህ የጠረግኸው?» አሉ አቶ ቢሆነኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ዛሬ ገና መምጣቴ ነው» አሉ አያ ይርሳው። ከጉልቻው አጠገብ ቆመው ዙሪያውን ያያሉ፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው፤ ግን የሚፈልጉትን ያገኙ አይመስሉም።

ታከለ ከውጭ ሆኖ ከሰሞኑ ማንም ወደዚህ እንዳልወረደ ተናገረ።

ክንፈሚካኤል እጁ በልማድ ወደ ግድግዳው ሄደ። በመዳፉ መታ መታ አደረገና እጁን መለሰ። ግድግዳው ይሞቃል። ፀሐይ ያላየ፣ በውኃ ውስጥ የከረመ ጭቃ፣ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ለማንም አልተናገረም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

ከመጻፉ በፊት ይህ ወረቀት በየትም ፍርድ ቤት እንደማይጸና፣ የትም መዝገብ እንደማይገባ በግልጽ ነገራቸው።

«ለመንግሥት አይደለም» አሉ አያ ይርሳው።

ስለዚህ ጻፈ። ሻጭ አቶ ቢሆነኝ። ገዢ ወይዘሮ አደይ ወልደ ገብርኤል። አዋሳኞቹን አያ ይርሳው እየጠቆሙ ነገሩት። በምሥራቅ የአቶ ቢሆነኝ ማሳ፣ በምዕራብ የቤተ ክርስቲያን መንገድ፣ በሰሜን የሾላው ዛፍ፣ በደቡብ ወንዙ። ከአራቱ አንዱም አልነበረም፤ እሱ ግን ሁሉንም ጻፈ። ዋጋውን ጻፈ። ከዚያ ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው። ለሌላ ደንበኛ ከሚያነበው ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል ነበር ያነበበው።

አቶ ቢሆነኝ ፈረሙ። ወይዘሮ ምሕረት ፈረመች። ታከለ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ፈረመ። አያ ይርሳው ስለ ሚስታቸው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

«ማኅተምዎስ?» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«ማኅተሙ ለሕያዋን ነው» አለ ክንፈሚካኤል። «የቀረው የእርስዎ ቃል ነው።»

አቶ ቢሆነኝ ወደ ደጃፉ ሄዱ። በራሳቸው እጅ የነቀሉት በር በነበረበት ቦታ ቆመው ወደ ውስጥ ዞሩ። ቆባቸውን አወለቁ። «አደይ፣ ሰኔ ደርሷል» አሉ። «ቤቱ ያንቺ ነው። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ርቆ ካለው ውኃ አንድ ወፍ ጮኸ። ወይዘሮ ምሕረት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ክንፈሚካኤል ሞቅ ያለ ነገር፣ እስትንፋስ የሚመስል፣ በጎኑ ዐልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ የተሰማው መሰለው፤ ምናልባት ነፋስ ተነሥቶ ይሆናል። አቶ ቢሆነኝ ግን ከደጃፉ ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ገለል ብለው ቆመው ነበር።

ሊሄዱ ሲነሡ አያ ይርሳው አልተነሡም። «እኔ ዛሬ እዚህ ነኝ» አሉ። «በቤታችን አንድ ቀን ልደር።» ጣሪያ የለውም፣ ዝናብ ይመጣል ቢሏቸው ጋቢዬ አለ አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው መደቡ ላይ ድንጋይ ጫኑበት።

ሦስቱ ላሟን እየነዱ ጉብታውን ወጡ። ታከለ ቀድሟቸው ሄዷል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ በደመናው ሥር ልትጠልቅ ሾልካ ወጣችና ሸለቆውን በቢጫ ብርሃን ሞላችው። ዞረው አዩ። ቤቱ ከሩቅ ትንሽ ነበር፤ መደቡ ግን በግልጽ ይታያል። ነጩ ጋቢ ይታያል። ከነጩ ጋቢ አጠገብ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

አቶ ቢሆነኝ በእጃቸው ዓይናቸውን ከብርሃኑ ከለሉ።

«ምን ይታይዎታል?» አሉ።

«አያ ይርሳው» አለ ክንፈሚካኤል።

«ለእኔም እንዲሁ» አሉ አቶ ቢሆነኝ። ወይዘሮ ምሕረት በሸለቆው ትይዩ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ላሟን ነዳች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በፍኖተ ሰላም ያለው በር አልተንኳኳም። አቶ ቢሆነኝ እንቅልፍ አገኙ፣ ሰውነታቸውም ተመለሰ፤ ኑዛዜያቸውን ግን እንደ ተጻፈ ተዉት። ክንፈሚካኤል ሥራውን ቀጠለ። ስለ ቤቱ ለሚስቱ ለእህተ ማርያም እንኳ አልነገራትም። ብዙ ጊዜ ውል እየጻፈ ሳለ እጁ ይቆምና ያቺን ቢጫ ብርሃን ያስባል፤ ደንበኛው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይነቃል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ወንዝ ባደረገበት ሰሞን፣ አያ ይርሳው ቢሮው ድረስ መጡ። ማዳበሪያ ውስጥ ድንች አምጥተዋል፤ የድካምዎ ነው አሉት። እምቢ ማለት አይቻልም። አስቀመጣቸውና ሻይ አስመጣላቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግድቡ መሙላት ተጫወቱ። ቤቱ ከተሸፈነ ቆይቷል።

«ወረቀቱስ?» አለ ክንፈሚካኤል።

«እሷ ጋ ነው።»

ጠበቃው ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ያን ዕለት ማታ… ምን አወራችሁ?»

አያ ይርሳው ቀና ብለው አዩት። «ከማን ጋር?»

«ከእሷ ጋር።»

«አልመጣችም» አሉ። በፊታቸው ላይ ብስጭት አልነበረም፤ የለመደ ሰው ፊት ነበር። «እስኪነጋ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ተጣራሁ። ምንም የለም። ተረጋግታ ተኝታ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። እሷ ከረካች እኔን ምን አገባኝ።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ክንፈሚካኤል ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ያየውን ቤት ብቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ያየውን ደብቆ እኚህን ሰው ወደ መርዓዊ መስደድ አልሆነለትም።

«ነበረች» አለ። «ከጉብታው ላይ አየናት። አጠገብዎ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር።»

አያ ይርሳው ሻዩን አስቀመጡ። «በየት በኩል?»

«በግራዎ።»

«እንዴት ሆና?»

«ሩቅ ነበር» አለ ክንፈሚካኤል። የሚያስታውሰውን ብቻ ለመናገር ተጠነቀቀ። «ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አላደረገችም፤ ትከሻዋ ላይ ነበር። አንድ እግሯን ዘርግታ ነው የተቀመጠች። እርስዎን አታይም ነበር። ወደ ደጃፉ ነበር የምታየው፤ ሰው የሚመጣ እንደሆነ ብላ እንደምትጠብቅ።»

የሽማግሌው ዓይን አልራሰም። ከንፈራቸው ግን አንድ ቃል ደጋግሞ የሚያነሣ ይመስል ነበር።

«ጉልበቷ አይታጠፍላትም ነበር» አሉ በኋላ። «ዘርግታ ነው የምትቀመጥ። እንግዳ የምትወድ ሴት ናት፤ የሰው ቤት ነው ብላ ሰው ጠርታ አታውቅም።»

ሻያቸውን አንሥተው ጨረሱት። መንገድ ሳይዘጋ ልሂድ ብለው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ክንፈሚካኤል በዝናቡ ውስጥ እስከ መኪና ተራው ሸኛቸው። አውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ቦታ አገኙ፤ በግራቸው ባለው ወንበር ላይ ማዳበሪያቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፣ አንዲት ሴት ልትቀመጥበት ስትል «ሰው አለው እቴ» ብለው መለሷት።